መኪናችሁ ቤንዚን ቤንዚን ስትሸት

ባለቤቴ ወንበሯ ላይ ገና ሳትደላደል መስኮቱን አወረደችና «ዛሬም ጀመራት» አለች። እኔ ምንም አልሸተተኝም። ሦስት ሳምንት ሙሉ እዚሁ ጎንደር ውስጥ ከማራኪ ፒያሳ፣ ከፒያሳ አዘዞ ስመላለስ አፍንጫዬ ቤንዚኑን ተላምዶታል። በእነዚያ ሦስት ሳምንታት ሁለት ጋራዥ ገብቻለሁ። አንደኛው የካርቡሬተሩን (ቤንዚንና አየር የሚደባልቀውን ክፍል) ጓርኒሲዮን፣ ማለትም የመጋጠሚያ ማሸጊያውን፣ ቀየረልኝ፤ ሁለተኛው ካርቡሬተሩ ራሱ ካልተቀየረ ብሎ ሙጭጭ አለ። ሦስተኛው ጋ ስደርስ፣ ፀጉራቸው የሸበተ መካኒክ፣ ኮፈኖውን ሊከፍቱ እንኳ አልቸኮሉም። እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ «መምህር፣ መቼ መቼ ነው የምትሸተው?» አሉኝ።

ቆም ብዬ አሰብኩ። ነዳጅ በሞላሁ ማግስት ይብሳል፤ ሰልባትዮው፣ ማለትም የነዳጅ ታንኩ፣ ወደ ግማሽ ሲወርድ ይጠፋል።

«ታዲያ ሞተሯን ለምን አስነኩ?»

ጥፋቱ የተገኘው ከኋላ ነው፤ ከነዳጅ መሙያው አፍ ወደ ሰልባትዮ በሚወርደው ወፍራም ላስቲክ ላይ። ከላይ ሲታይ ደህና ነው። ጣቴን ወደ ሥሩ ሳስገባ ግን እንደ ደረቅ ተረከዝ ነቃቅቷል።

ከዚያ ወዲህ ጎረቤትም ሆነ የሥራ ባልደረባ «መኪናዬ ነዳጅ ነዳጅ ትሸታለች» ባለኝ ቁጥር የማስቀድመው የእኒያን ሽማግሌ መካኒክ ጥያቄ ነው። ቀጥሎ የምጽፈው በራሴ እጅ የማደርገውን፣ ለመካኒክ የምተወውንና ፈጽሞ የማልሞክረውን ነው። መኪናዬ በፈረንጆቹ 1980ዎቹ የተሠራች ካርቡሬተር ያላት ኮሮላ ስለሆነች አብዛኛው ነገር እንደ እርሷ ያሉትን ይመለከታል። እንጀክተር (ነዳጁን በግፊት የሚረጭ ክፍል) ስላላቸው፣ እንደ ቪትዝና ያሪስ ስላሉት፣ ወደ መጨረሻው ለብቻው እመለስበታለሁ።

መጀመሪያ እሳቱን አርቁ

የሚቀጣጠለው ፈሳሹ ቤንዚን ሳይሆን ትነቱ ነው። ትነቱ ደግሞ ከአየር ከሦስት እስከ አራት እጥፍ ስለሚከብድ ሽቅብ በንኖ አይጠፋም፤ መሬት ለመሬት እየተንሸራተተ እንደ ውሃ ቁልቁል ይወርዳል። የጎንደር ግቢ ሜዳ እምብዛም ስለማያውቅ ይህ ለእኛ ትልቅ ነገር ነው። መኪናዋ ከላይ ቆማ የቡናው ከሰል ከታች በረንዳ ላይ ከተያያዘ፣ መካከሉ አሥር እርምጃ ቢሆንም ትነቱ መንገዱን ያውቃል። በመቶ ሊትር አየር ውስጥ አንድ ሊትር ተኩል ያህል የቤንዚን ትነት ከገባ ለመቀጣጠል ይበቃል። ብርዱ ያድነናል የሚል ካለም ተሳስቷል፤ ቤንዚን ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ገደማ ላይ እንኳ የሚቀጣጠል ትነት ይሰጣል። የደባርቅ ውርጭ ለእርሱ ምኑም አይደለም።

ስለዚህ መኪናዋን ወደ ደጅ አውጡና ከቤቱም ከምድጃውም በታች በኩል አቁሟት። ሞተሩ ጠፍቶ፣ ኮፈኖው ተከፍቶ ቢያንስ አንድ ሰዓት ይቀዝቅዝ። ሲጋራ፣ ክብሪት፣ ሻማ የለም። ብርሃን ካስፈለገ በባትሪ የሚሠራ የእጅ መብራት ያዙ፤ እርሱንም ከመጠጋታችሁ በፊት አብሩት። አንድ ወይም ሁለት ኪሎ የሚይዝ የዱቄት እሳት ማጥፊያ በእጅ ርቀት ላይ ይቀመጥ፤ ከሌለ አንድ ባልዲ ደረቅ አሸዋ። ውሃ አይሆንም፤ ቤንዚን ውሃው ላይ ተንሳፍፎ እሳቱን ይዞት ይሄዳል።

የባትሪውን ነጌቲቭ ገመድ መንቀል ጥሩ ልማድ ነው። ሆኖም ገመዱ ሲነቀል ብልጭታ ሊያወጣ ይችላል፤ ቤንዚኑ የሚንጠባጠበው እዚያው ባትሪው አጠገብ ከሆነ መጀመሪያ ነፋስ ያግኘው፣ ትነቱ ይበተን፣ ከዚያ ንቀሉ።

አንድ ነገር ደግሞ አስረግጬ ልናገር፦ ነዳጅ በአፍ አትሳቡ። ቱቦ አስገብቶ በአፍ ስቦ «ጥፍ» ማለት በየሰፈሩ እንደ ሙያ የሚታይ ነገር ነው። ቤንዚን ወደ ሆድ ከመግባቱ ይልቅ የሚያስፈራው ወደ ሳንባ መግባቱ ነው፤ ጥቂት ጠብታ እንኳ ሳንባን ክፉኛ ያቆስላል። የዋጠ ሰው ካለ እንዲያስመልሰው አታድርጉ፤ ሲያስመልስ ነው ወደ ሳንባው የሚሄደው። ወተት ፍለጋም ጊዜ አትፍጁ፣ ወደ ሐኪም ቤት ውሰዱት። ለመቅዳት በእጅ የሚጨመቅ የላስቲክ መሳቢያ ይበቃል።

ከመኪናዋ ሥር ጠብ ጠብ የሚል ከታየ፣ ወይም ጠብታው ከጭስ ማውጫው ብረት አቅራቢያ ከሆነ አትነሣም። «እስከ ጋራዥ ብቻ» የሚባል ነገር የለም። ትገፋለች ወይም ትጎተታለች፤ አለበለዚያ መካኒኩ ካለችበት ይመጣል።

ሽታው መቼ ነው የሚመጣው?

አንድ ሳምንት ያህል በወረቀት መዝግቡ። መቼ ሸተተ? ሰልባትዮው ምን ያህል ነበረው? ሞተሩ ሞቆ ነበር ወይስ ቀዝቅዞ? መስኮት ተዘግቶ ነበር? በዚህ ላይ የራሳችሁን አፍንጫ አትመኑ፤ በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ይደነዝዛል። ዋጋ ያለው ጠዋት በሩ ሲከፈት የሚሳበው የመጀመሪያው እስትንፋስ ነው፤ ከውጭ በመጣ ሰው ከሆነ ደግሞ ይበልጥ ጥሩ። በእኔ ቤት ይህ ሥራ የባለቤቴ ነው። እስካሁን ተሳስታ አታውቅም።

ሰልባትዮው ሙሉ ሲሆን የሚሸትና ሲጎድል የሚጠፋ ከሆነ ጥፋቱ ከላይኛው ክፍል ነው፦ የመሙያው ወፍራም ላስቲክ፣ አጠገቡ ያለው ቀጭን የአየር ማስተንፈሻ ቱቦ፣ የክዳኑ ጎማ፣ ወይም የነዳጅ መለኪያው ሰልባትዮው ላይ የተቀመጠበት ቦታ ጓርኒሲዮን። ክዳኑ ጠፍቶ በፌስታል የተጠቀለለ ጨርቅ የተወተፈበት መኪና ያየሁት አንዴ ብቻ አይደለም። ያ እንኳ ምርመራ አያስፈልገውም።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ መኪናዋ ሳትበላሽ የሚሸትበት ምክንያትም አለና። ነዳጅ በሰልፍ ሲገኝ «እስከ አፉ ሙላልኝ» ማለት ይቀናናል፤ መቅጃው ጠቅ ብሎ ካቆመ በኋላም እያንቀጠቀጥን እንጨምራለን። ቤንዚን ሙቀቱ 10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር አንድ ከመቶ ያህል ያብጣል። ከመሬት ውስጥ ቀዝቅዞ የወጣ 45 ሊትር ፀሐይ ላይ ውሎ በ20 ዲግሪ ቢሞቅ አንድ ሊትር ለመሙላት ጥቂት የቀረው ትርፍ ያመጣል፤ ያ ትርፍ የት ይሂድ? በዚህ ላይ መኪናዋ ወደ ፒያሳ በሚያወጣው ዳገት ዳር፣ የመሙያው አፍ ወደ ቁልቁለቱ ዞሮ ከቆመች በክዳኑ ዙሪያ ማላቡ አይቀርም። ሁለት ሦስት ሊትር ቦታ ትታችሁ ለሁለት ጊዜ ሙሉና ተመልከቱ። ሽታው ከጠፋ ገንዘባችሁን ኪሳችሁ ውስጥ አቆዩት።

ሞቃ ስትቆም፣ ከጠፋች ከአሥር እስከ ሃያ ደቂቃ ባለው ጊዜ የሚሸትና ከዚያ በኋላ ለመነሣት የምታስቸግር ከሆነ የሚታሰበው ካርቡሬተሩ ነው። ሞተሩ ሲጠፋ ማራገቢያው ይቆማል፣ ሙቀቱ ግን ሽቅብ ወደ ካርቡሬተሩ ይወጣል፤ በሳህኑ፣ ማለትም ነዳጅ በሚጠራቀምበት የካርቡሬተሩ ክፍል፣ ውስጥ የቀረው ቤንዚን ይፈላል። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻ ጋር ሲነጻጸር በአምስተኛ እጅ ያህል ያንሳል። (ባሕር ዳር ከተማን ማለቴ አይደለም፤ እርሷም ከፍታ ላይ ናት።) ሽንብራ ሲቀቅል የዋለ ሰው እንደሚያውቀው እዚህ ውሃ የሚፈላው በ93 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ቤንዚንም እንዲሁ ቶሎ ይተናል። በአይከል በኩል ወደ መተማ ቆላ ስትወርዱ ደግሞ ሙቀቱ ራሱ ይጨመርበታል። ከረጅም ዳገት በኋላ ለጥቂት ደቂቃ ትንሽ ሽታ መኖሩ አያስደነግጥም። ካርቡሬተሩ ውጪያዊ አካሉ ላይ እርጥብ ሆኖ ከታየ ግን ሌላ ነገር ነው።

እየተነዳች ሳለ፣ በተለይ ፔዳሉን ረግጣችሁ ነዳጅ ስትሰጧት የሚሸት ከሆነ ከሁሉም የምፈራው ይህንን ነው። ፖምፓው የሚገፋው ነዳጅ ከፖምፓው እስከ ካርቡሬተሩ ባለው አጭር ላስቲክ ወይም በማያያዣዎቹ በኩል እየረጨ ነው ማለት ሊሆን ይችላል። ሥሩ ደግሞ የጋለ የጭስ ማውጫ ብረት አለ። ወደ ዳር አቁሟት፣ አጥፏት፣ ሰው ይውረድ። ኮፈኖውን ስትከፍቱ ጭስ ካያችሁ በሰፊው አትክፈቱት፤ አየር ታስገባላችሁ። በክፍተቱ በኩል ማጥፊያውን ንፉበት።

ሰልባትዮው ሩብ ሲሆን እንኳ፣ ቆማም እየሄደችም ሳትለይ የምትሸት ከሆነ ፍለጋው ወደ ታች ነው፦ የሰልባትዮው ወለልና ስፌት፣ ከሥር የተዘረጋው የብረት ቱቦ።

ከጭስ ማውጫው የሚመጣው ሽታ ፍሳሽ ላይሆን ይችላል። ጥቁር ጭስ ካለና ካንዴላዎቹ (ነዳጁን በብልጭታ የሚያቀጣጥሉት) ሲወጡ ጥላሸት ከለበሱ ነዳጁ በዝቶባታል፤ ቆላ ተስተካክላ ደጋ የወጣች መኪና ይህ ያጋጥማታል፣ አየሩ ስለሚሳሳባት። ያንን ካርቡሬተር የሚያስተካክል መካኒክ ይይዘዋል። ግን የጭስ ሽታ ወደ ውስጥ ከገባ ሽታ ከሌለው መርዛማ ጋዝ፣ ከካርቦን ሞኖክሳይድ፣ ጋር አብሮ እንደሚገባ አትርሱ፤ መስኮት ከፍታችሁ ቶሎ አሠሩት።

በመጨረሻም የዕቃ መጫኛውን ክፈቱ። ይህን የምለው እየቀለድኩ አይደለም። አንድ ባልደረባዬ ሁለት ላስቲክና አንድ ፊልትሮ (የነዳጅ ማጣሪያ) ካስቀየረ በኋላ ከመለዋወጫው ጎማ ጀርባ ቢጫ የዘይት ጀሪካን ተገኘ፤ ለክፉ ቀን ብሎ ያስቀመጠው ሦስት ሊትር። የዘይት ጀሪካን ለቤንዚን አልተሠራም፤ ክዳኑ ያስተነፍሳል፣ ሲሞቅ ያብጣል።

በዓይን መያዝ

ናፍጣ ቢያፈስ ይቀባል፣ አቧራ ይሰበስባል፣ ምስክር ይተዋል። ቤንዚን ግን ይደርቅና ይሄዳል። ሆኖም የጎንደር የበጋ አቧራ እዚህ ላይ ባለውለታችን ነው፦ ሞተሩና የመኪናዋ ሆድ አቧራ በለበሱበት፣ አንድ ጣት የሚያክል ንጹሕ መስመር ወደ ታች ሲወርድ ካያችሁ ቤንዚን አጥቦት ነው። ለወራት ያፈሰሰ ከሆነ ደግሞ በመጋጠሚያው ዙሪያ የሻይ ብርጭቆ ሥር የሚቀረውን የመሰለ ቡናማ ሽፋን ይተዋል። ስለዚህ ከምርመራ በፊት መኪናዋን አታሳጥቧት። ብዙ ሰው ጋራዥ ከመሄዱ በፊት ለክብሩ ያሳጥባታል፤ ማስረጃውን አጠፋ ማለት ነው።

መስመሩ ካልታየ ጠመኔ አምጡ። ይህ ከክፍል ይዤው የወጣሁት ዘዴ ነው። ጥርጣሬ ያለባቸውን መጋጠሚያዎች በደረቅ ጨርቅ ጠርጉና በነጭ ጠመኔ ዙሪያቸውን ቀቡ። ከሥር ጠፍጣፋ ካርቶን አንጥፉ። አንድ ሰው መሪው ጋ ተቀምጦ ሞተሩን ለሁለት ደቂቃ ያስነሣና ያጥፋው። ከዚያ ከኋላ ወደ ፊት፣ ነዳጁ የሚጓዝበትን መንገድ ተከትላችሁ፣ በእጅ መብራት አንድ በአንድ ተመልከቱ፦ መሙያው፣ ሰልባትዮው፣ የብረቱ ቱቦ፣ ፊልትሮው፣ ፖምፓው፣ ካርቡሬተሩ። የረጠበ ጠመኔ ይጠቁራል። ካርቶኑ ላይ ጠብታ ካገኛችሁ ደግሞ ቀጥታ ከላዩ ያለውን ብቻ አትወንጅሉ፤ ቤንዚን በቱቦው ላይ እየተንሸራተተ ሄዶ ዝቅ ካለው ቦታ ነው የሚወድቀው። ሁልጊዜ እርጥበቱ ከሚጀምርበት ከፍ ያለ ቦታ ድረስ ተከተሉት።

ሞተሩ በሚሠራበት ጊዜ ነጠላ ወይም ጋቢ ለብሳችሁ ወደ ማራገቢያው አትጠጉ። ከመኪናዋ ሥር የምትገቡ ከሆነም በክሪክ ብቻ ተሸክማ አትግቡ፤ ጠንካራ ድጋፍ ይግባላት፣ ጎማዋም በድንጋይ ይታገድ።

ላስቲክ መቀየር

ከአሮጌ መኪና ፍሳሾች ውስጥ እኔ ያየኋቸው አብዛኞቹ ላስቲክ ነበሩ። ላስቲክ ከውጭ ብቻ ሳይሆን ከውስጥም ያረጃል፤ አዲስ እየመሰለ ያልፍበታል። ሞክሩት፦ በሁለት ጣት አጥፉት። ጤነኛው ይለመጣል፣ ወደ ቦታው ይመለሳል። ያረጀው ወይ እንደ ቅርፊት ደርቆ በመታጠፊያው ላይ ጥቃቅን ስንጥቅ ያሳያል፣ ወይ ደግሞ ልፍስፍስ ብሎ ጣት ላይ ጥቁር ይተዋል። ኢታኖል የተቀላቀለበት ቤንዚን፣ በአንድ ወቅት አዲስ አበባ ውስጥ ይሸጥ እንደነበረው ዓይነት፣ የድሮ ላስቲክን እርጅና ይበልጥ ያፈጥነዋል።

ለመግዛት ስትሄዱ አሮጌውን ቁራጭ ይዛችሁ ሂዱ፤ «የኮሮላ» ብሎ መናገር አይበቃም። የውስጥ ስፋቱ በአብዛኛው 6 ወይም 8 ሚሊ ሜትር ነው። በላስቲኩ ጎን የታተመውን አንብቡ። ለካርቡሬተር «30 አር 7» (30R7) የሚለው ይበቃል፤ ለእንጀክተር መኪና «30 አር 9» (30R9) የሚለውን ካላያችሁ አትግዙ፣ ግፊቱን አይችልም። ምንም ያልተጻፈበት ጥቁር ላስቲክ የውሃ ነው ብላችሁ እለፉት። ባጃጆች ላይ የሚታየው ብርሃን የሚያሳልፍ ፕላስቲክ ቱቦ ከሞተር አጠገብ በወራት ውስጥ ደርቆ እንደ መስታወት ይሰነጠቃል። የጉሉኮስ ቱቦ የተቀጠለበት ካርቡሬተርም አይቻለሁ፤ በሽተኛዋ መኪና መሆኗን ካልሆነ በቀር ሌላ ምንም አያሳይም።

ሥራው እንዲህ ነው። ሞተሩ ቀዝቃዛ፣ ባትሪው የተነቀለ ይሁን። የነዳጅ ክዳኑን ለቀቅ አድርጉት፤ ሰልባትዮው ውስጥ የታመቀ አየር ካለ «ጥሽሽ» ብሎ ይውጣ፣ አለበለዚያ ላስቲኩን በነቀላችሁ ቅጽበት ነዳጁን ይገፋባችኋል። ከመጋጠሚያው ሥር ቆርቆሮ ሳህንና ጨርቅ አድርጉ። ፋሼታውን (ላስቲኩን አጥብቆ የሚይዘውን የብረት ቀለበት) በካቻቢቴ አላሉ። አሮጌው ላስቲክ ብረቱን አልለቅም ካለ በፒንሳ አትታገሉት፤ ብረቱ ቀጭን ነው፣ ይጣመማል። በምላጭ በቁመቱ ሰንጥቃችሁ ላጡት። ከሰልባትዮ በኩል የሚመጣውን ጫፍ ልኩ በሆነ ብሎን ድፈኑት፤ ሰልባትዮው ከፍ ያለ ከሆነ ራሱ እየሳበ መፍሰሱን አያቆምምና።

ብረቱን በንጹሕ ጨርቅ ጥረጉት፤ ዝገት ካለው በቀጭን የብርጭቆ ወረቀት አለስልሱት። አዲሱን ላስቲክ ከአሮጌው አንድ ጣት ያህል አስረዝማችሁ፣ በስለታም ምላጭ ቀጥ አድርጋችሁ ቁረጡ። ፋሼታውን አስቀድማችሁ አስገቡና ላስቲኩን ብረቱ ላይ ቢያንስ ሁለት ሳንቲ ሜትር ግፉት፣ የብረቱን እብጠት ማለፍ አለበት። ፋሼታው ከእብጠቱ ጀርባ ይቀመጣል እንጂ ላዩ ላይ አይደለም። ማጥበቅ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፤ ላስቲኩ በፋሼታው ጥርስ መካከል ብቅ ብቅ ካለ አልፏል፣ እየቆረጣችሁት ነው። ላስቲኩ በእጅ ሲጠመዘዝ ካልዞረ በቂ ነው። በመጨረሻም የጭስ ማውጫውን ብረት፣ የማራገቢያ ቀበቶውንና ስለት ያለውን ጠርዝ የማይነካ መሆኑን እዩ።

ፊልትሮ አብራችሁ ብትቀይሩ ይሻላል፤ ላዩ ላይ ያለው ቀስት ነዳጁ ወደሚሄድበት፣ ማለትም ወደ ሞተሩ ይዙር።

ፖምፓና ካርቡሬተር

በሞተሩ ጎን የተገጠመው የድሮ ፖምፓ ውስጥ ቀጭን የላስቲክ ሽፋን አለ። ሲቀደድ ነዳጁ በሁለት መንገድ ይወጣል። አንዱ በፖምፓው ሥር ባለችው ትንሽ ቀዳዳ ነው፤ ያንን ጠመኔው ይነግራችኋል። ሌላው ወደ ሞተሩ ዘይት ነው፤ ያ አይታይም። የዘይቱን መለኪያ ዘንግ አውጥታችሁ አሽትቱ። ቤንዚን ከሸተተና ዘይቱ ሳትጨምሩበት ከፍ ብሎ ከተገኘ ፖምፓው አልቋል። መኪናዋን አታንዷት፤ የቀጠነ ዘይት ሞተሩን ይበላል። ፖምፓውና ዘይቱ አንድ ላይ ነው የሚቀየሩት።

ካርቡሬተሩ ከሳህኑ መጋጠሚያ ላይ ካላበ ብሎኖቹን በመስቀልኛ፣ በጥቂቱ በጥቂቱ አጥብቁ። ካልቆመ ጓርኒሲዮኑ ነው። ከላይኛው አፉ የሚያንጠባጥብ ወይም የሚያጥለቀልቅ ከሆነ ግን የነዳጁን መግቢያ የሚዘጋው የተንሳፋፊው መርፌ አልዘጋም ማለት ነው፤ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ከሰልባትዮው የመጣች አንዲት የዝገት ቅንጣት መርፌው ሥር መቀመጧ ነው። ካርቡሬተር ፈትቶ ማጠብ ትዕግሥት ላለው ሰው አስቸጋሪ አይደለም፤ እኔ ግን ለመካኒክ እተወዋለሁ። አንዴ ሞክሬ ከገጠምኩ በኋላ ሁለት ትናንሽ ክፍሎች ተርፈውኛል።

ሰልባትዮ

በድንጋያማ መንገድ የተመታ ወይም ከውስጥ የዛገ ሰልባትዮ ቀዳዳው ከመርፌ ጫፍ አይበልጥም። መንገድ ላይ ከሆናችሁ ደረቅ የልብስ ሳሙና ቀዳዳው ላይ አጥብቆ ማሸት ይሠራል፤ ቤንዚን ሳሙናን ቶሎ አያሟሟውም። ከማክሰኝት ጎንደር ለመድረስ ይበቃል። ብዙ ሰው ግን ከዚያ በኋላ ይረሳዋል፤ የሳሙናው ዕድሜ እስከ መጀመሪያው ዝናብ ነው።

ብየዳን በተመለከተ አንድ ቃል ብቻ፦ ባዶ ሰልባትዮ ከሙሉው ይበልጥ አደገኛ ነው። ሙሉው ውስጥ ትነት የሚይዝበት ቦታ የለም፤ ባዶው ግን ትነትና አየር ተደባልቆበት የተዘጋጀ ቦምብ ነው። «ሁለት ቀን አድርቄዋለሁ» የሚል በያጅ ጋ አትስጡት። በሳሙና ውሃ ደጋግሞ አጥቦ፣ በውሃ ሞልቶ፣ የሚበየደውን ቦታ ብቻ ነፃ አድርጎ የሚሠራ ልምድ ያለው ሰው ከሌለ ሌላ ሰልባትዮ ፈልጉ። ስፌቱ ሁሉ የዛገ ከሆነ ደግሞ አንዱን ቀዳዳ ስትደፍኑ ጎረቤቱ ይከፈታል፤ ገንዘብ ማባከን ነው።

እንጀክተር ላላቸው

በካርቡሬተር መኪና ውስጥ የነዳጁ ግፊት አነስተኛ ነው፣ ከግማሽ ባር በታች። በእንጀክተር መኪና ውስጥ ሦስት ባር ገደማ ይደርሳል፤ ሞተሩ ከጠፋ በኋላም ለሰዓታት ተይዞ ሊቆይ ይችላል። ላስቲክ ብትነቅሉ ዓይናችሁ ላይ ይረጫል። ስለዚህ አስቀድማችሁ የነዳጅ ፖምፓውን ፊውዝ ንቀሉ፣ ሞተሩን አስነሡትና በራሱ እስኪጠፋ ጠብቁ፣ አንድ ሁለቴ ደግሞ ለማስነሣት ሞክሩ። ከዚያም ቢሆን መጋጠሚያውን በጨርቅ ሸፍናችሁ፣ ፊታችሁን አዙራችሁ አላሉት።

ሦስት ቦታ እዩ። አንደኛው የእንጀክተሮቹ ትናንሽ የጎማ ቀለበቶች ናቸው፤ ሲደርቁ ያልባሉ። ሁለተኛው ከኋላ ወንበር ሥር ያለው የፖምፓ ክዳን ነው፤ ከሞሉ በኋላ ወደ ውስጥ የሚገባ ሽታ ብዙ ጊዜ ከዚያ ነው። ሦስተኛው የሰልባትዮውን ትነት የሚውጠው፣ ውስጡ ከሰል ያለበት ቆርቆሮ ነው፤ እስከ አፉ በመሙላት ፈሳሽ ቤንዚን ከገባበት ከሰሉ ሥራውን ያቆማል። ከፍ ብዬ ስለ አሞላል የተናገርኩት ለእነዚህ መኪናዎች እጥፍ ይሠራል።

ከጥገናው በኋላ

ባትሪውን መልሱ፣ ጠመኔውን እንደገና ቀቡ፣ አምስት ደቂቃ አስነሥታችሁ እዩ። ደረቅ ከሆነ አንድ ዳገት ወጥታችሁ ተመለሱ፤ ወደ ጎሃ የሚያወጣው መንገድ ለዚህ ጥሩ ነው። ሞቃ እንደቆመች እንደገና እዩ። ማታ ከሥሯ ንጹሕ ካርቶን አንጥፋችሁ ጠዋት ተመልከቱት። አራቱንም ካለፈች በሚቀጥለው ጊዜ ነዳጅ ስትሞሉ ደግሞ አንድ ጊዜ።

ጥፋቱ ቆሞ ሽታው ካልለቀቀ ምንጣፉ ጠጥቶታል። ምንጣፉን አውጥታችሁ በለብታ ውሃና በሳሙና እጠቡት፣ ሁለት ቀን ጥላ ሳይሆን ፀሐይና ነፋስ ላይ አውሉት። መኪናዋ ውስጥ ያልተያያዘ ከሰል ወይም የደረቀ የቡና አተላ በሰፊ ዕቃ አድርጋችሁ ብታሳድሩ የቀረውን ይስባል። «ያልተያያዘ» ያልኩት በምክንያት ነው፤ ሽታውን ለማጥፋት ዕጣን ላጭስባት ብሎ የተነሣ ሰው አውቃለሁ፣ ባለቤቱ ነች ማጨሻውን ከእጁ የነጠቀችው።

የቀየራችሁትን ላስቲክ አትጣሉት፤ በሚቀጥለው ጊዜ ለልክ ይሆናል። አዲሱ ፊልትሮ ላይ ደግሞ ትንሽ ነጭ ፕላስተር ለጥፋችሁ ወሩንና ዓመቱን በእስክሪብቶ ጻፉበት። የእኔዋ ላይ ያለው ጽሑፍ በሙቀቱ እየደበዘዘ ቢሆንም «ጥር» የሚለው አሁንም ይነበባል።